ደማቅና ጠባብ የእጅ ሥራ ፎንት፦ የግእዝ ፊደል ምን ያህል ጠቦ፣ ምን ያህል ደምቆ ይነበባል?

ሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)፦

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣

ሐዋሳ ውስጥ በግራፊክስና በኅትመት ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ከደንበኛ ሥራ በሚተርፈኝ ጊዜ በጠፍጣፋ ብሩሽ አንድ የግእዝ ፊደል ፎንት በመሣል ላይ እገኛለሁ። ፊደሎቹ ወፍራምና ጠባብ ናቸው፤ የአብዛኞቹ ቁመት የወርዳቸው እጥፍ ያህል ነው፤ ዳራቸውም ብሩሹ እንደተወው ሸካራ ሆኖ እንዲቀር ፈልጌያለሁ። ለረጅም ጽሑፍ የታሰበ አይደለም። ለታፔላ፣ ለፖስተር፣ ለቲሸርት፣ ለባጃጅ የኋላ መስታወት፣ ለቴሌግራም ቻናል ምስል፣ በአጠቃላይ ከሦስት ወይም ከአራት ቃል ለማይበልጥ ጽሑፍ ነው።

ጠባብ እንዲሆን የፈለግሁት ለጌጥ ብቻ አይደለም። ሲዳማ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ክልል ከሆነ ወዲህ በከተማችን አንድ ታፔላ ብዙ ጊዜ ሲዳሙ አፎን፣ አማርኛንና እንግሊዝኛን አንድ ላይ ይሸከማል። ሲዳሙ አፎ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ ረጅሙ አናባቢ በድርብ ስለሚጻፍም ቃሉ ይረዝማል። የሱቁ ፊት ግን አይሰፋም። ሦስት መስመር በአንድ ላሜራ ላይ ሲደራረብ፣ ፊደሉን በሙሉ ከማሳነስ ይልቅ ወርዱን ቀንሶ ቁመቱን መጠበቅ ከሩቅ ለሚያነብ ሰው ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄዬ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የላቲን ፊደል የሚሥሉ ሰዎች የእጅ ሥራ መልክ ለመስጠት የሚጠቀሙበት ቀላሉ ዘዴ እግሮቹን እኩል አለማድረግ ነው፤ አንዱ ትንሽ ይወርዳል፣ ሌላው ትንሽ ያጥራል፣ መስመሩም የሚደንስ ይመስላል። በግእዝ ፊደል ግን የእግር ርዝመት ድምፅ ነው። የ«በ» ቀኝ እግር ቢረዝም «ባ» ይሆናል፤ ግራው ቢረዝም «ቦ» ይሆናል። «ባር እና ሬስቶራንት» የሚል ታፔላ እግሩ ካልተጠነቀቁለት ከመንገድ ማዶ «በር እና ሬስቶራንት» ተብሎ ይነበባል። ታዲያ የእጅ መልኩን የት ላይ ማኖር ይገባል? ጥበቱስ የት ላይ ማቆም አለበት? በሙያው የቆያችሁ ሐሳባችሁን ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።


የድሮ ብሩሽ (ሐዋሳ)፦

ልጄ፣ የጠየቅኸው እኛ በላሜራና በዘይት ቀለም ስንሠራ በየቀኑ የምንከራከርበት ነገር ነው። ባነርና ፕሎተር ከመምጣታቸው በፊት ታፔላ የሚጻፈው በእርሳስ ሁለት መስመር ተሰምሮ፣ በጠፍጣፋ ብሩሽ ተሞልቶ ነበር። ቦታ ሲጠብ ማጥበብ የታወቀ ነው፤ አዲስ ነገር አላመጣህም፤ አዲሱ ነገር አንዴ የሣልኸውን ሌላ ሰው ሺህ ጊዜ ሊጠቀምበት መሆኑ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ፊደል ከየትኛውም ጎረቤት አጠገብ ቢቆም ራሱን መቻል አለበት። እኛ ጎረቤቱን እያየን እናስተካክል ነበር፤ ፎንት ይህን ዕድል አይሰጥህም።

የእጅ መልኩን የት ላኑር ላልኸው፣ ሦስት ቦታ አለህ። የመጀመሪያው የጭረቱ መነሻና መድረሻ ነው፤ ብሩሽ ሲያርፍ ትንሽ ይሰፋል፣ ሲነሳ ትንሽ ይሸሻል። ሁለተኛው የጭረቱ ጎን ነው፤ እግሩ ወገቡ ላይ በጥቂቱ ቢሰልል ወይም ቢወፍር ማንም ሌላ ፊደል ነው አይልም። ሦስተኛው ትከሻው ነው፤ የ«በ» ራስ በአንድ በኩል ዝቅ ብሎ ቢያዘነብል ፊደሉ ይሞቃል እንጂ አይለወጥም። እግሩ መሬት የሚነካበት መስመር ግን የተከለከለ ነው። እኩል መሆን ያለበት እኩል ይሁን፤ ማጠር ያለበት ደግሞ በድፍረት ይጠር። የ«ባ» ግራ እግር ከቀኙ ቢያንስ በአንድ ጭረት ውፍረት ማነስ አለበት። ወፍራም ፊደል ላይ ከዚያ ያነሰ ልዩነት ቀለም ፈሶ የመጣ ይመስላል።

ከአባቶች ጽሕፈትም የምትወስደው አለ። የብራና ቁም ጸሐፊዎች ጉልሕ የሚሉት ትልቅና ወፍራም አጻጻፍ ነበራቸው፤ በጎንደር ዘመን ለነገሥታትና ለመኳንንት በተጻፉ መጻሕፍት ላይ ይታያል። ረቂቅ ከሚባለው ትንሽና ቀጭን አጻጻፍ ጋር አስተያየው። ጉልሑ ላይ እግሮቹ እንደ ዓምድ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ መቃ ብዕሩ ወደ ታች ሲወርድ ወፍራም፣ ወደ ጎን ሲሄድ ቀጭን ጭረት ይተዋል። የዚያ ጽሕፈት ግርማ ያለው በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው። አንተም ስታወፍር ሁሉን እኩል አታወፍር፤ ቋሚውን አወፍር፣ አግዳሚውን ቆጥብ። አግዳሚው ከቀጠነ ለቀለበቱም ለቅጥያውም፣ ማለትም ድምፁን ለሚለውጠው ትንሽ ጭረት፣ ቦታ ታተርፋለህ። ጉልሕ ግን ሰፊ ጽሕፈት እንጂ ጠባብ አይደለምና ወርዱን ከዚያ አትውሰድ።


ቸኩዬ ነው (አዲስ አበባ)፦

ይቅርታ፣ ይህ ሁሉ ድካም ለምን አስፈለገ? ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነፃ ይገኛል፤ ከቀጭን እስከ ጥቁር ውፍረት አለው፤ ወርዱም እስከ 62.5 በመቶ ድረስ ይጠባል። ያ ካልጣመ ደግሞ ኮርል ድሮው በሚባለው የዲዛይን ፕሮግራም ላይ የፈለጉትን ፎንት ጎኑን ይዞ መግፋት ነው፤ ይጠባል። ዳሩን ለማሻከር የሚሆን ኢፌክትም ሞልቷል።


ኮድና ቀለም (ሐዋሳ)፦

የኖቶውን በተመለከተ ትክክል ብለዋል፤ ወርዱም ውፍረቱም እየተለዋወጠ የሚሠራ ፎንት ነው፤ ለቢሮ ምልክት ወይም ለአቅጣጫ ጠቋሚ ሰሌዳ ብጠየቅ እኔም የምመርጠው እርሱን ነው። ነገር ግን የተሠራው በብዙ የዓለም ጽሕፈቶች መካከል አንድ ዓይነት ረጋ ያለ መልክ እንዲኖር ነው። ሙዚቃ ዝግጅት ያለበት ፖስተር ላይ ሲቀመጥ እንደ ማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ይሆናል።

ጎኑን ይዞ መግፋቱን ግን እለምንዎታለሁ፣ አይምከሩ። አንድ ፊደል ወርዱ ብቻ ሲጨመቅ ቋሚ ጭረቶቹ በዚያው መጠን ይቀጥናሉ፤ አግዳሚዎቹ ግን ውፍረታቸው አይነካም። ወርዱን በግማሽ ቢያጠቡት ቋሚው እግር ግማሽ ይሆናል፣ አግዳሚው እንዳለ ይቀራል። ከላይ «የድሮ ብሩሽ» እንዳሉት የእኛ ጽሕፈት ክብደቱን የሚሸከመው በቋሚው ስለሆነ፣ ጭመቃ ይህን ሥርዓት ይገለብጠዋል፤ ቀለበቱም ከክብነት ወደ ቀጭን እንቁላልነት ይለወጣል። በዚህ ላይ ፕሮግራሙ በራሱ የሚሰጠውን ማወፈሪያ ቢጨምሩበት፣ ዙሪያውን እኩል ስለሚያብጥ ትንንሽ ክፍተቶች ቀድመው ይዘጋሉ። በየመንገዱ የምናየው የ«ሜ» ቀለበት ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ የቀረበት ባነር ሁሉ የዚህ ውጤት ነው። ጠባብ ፊደል የሚገኘው ጠባብ አድርጎ በመሣል ብቻ ነው።

ለ«ሐይቅ ዳር»፦ ጥበቱ የት ላይ ይቁም ላሉት፣ ገደቡን የሚወስኑት ሁለት እግር ያላቸው ፊደሎች አይደሉም። ሦስት እግር ያላቸው «ሐ»፣ «ጠ» እና «ጨ»፣ እንዲሁም ሁለት ሆድ ያላቸው «መ» እና «ሠ» ናቸው። ከሁሉም በፊት «ጨ»ን ይሣሉ። «ጨ» ከነቅጥያዎቹ «ጩ»፣ «ጪ»፣ «ጬ» ሆኖ ከተነበበ ሌላው በሙሉ ይነበባል። በተቃራኒው ከ«በ» እና ከ«ነ» የሚጀምር ሰው ደስ የሚል ጠባብ ፊደል ሠርቶ «ጬ» ላይ ሲደርስ ግድግዳ ይገጥመዋል። ሁሉንም በአንድ ወርድ ማስገባት ደግሞ ግዴታ አይደለም፤ «ጠ» ከ«ነ» አንድ ጊዜ ተኩል ቢሰፋ ማንም አይቆጣም።


የናዝሬት ልጅ (አዳማ)፦

እኛም አዳማ ላይ ያለን ችግር ተመሳሳይ ነው፤ ልዩነቱ በሲዳሙ አፎ ቦታ አፋን ኦሮሞ መሆኑ ነው። ቁቤውም አናባቢ ስለሚደርብ መስመሩ ይረዝማል። ስለዚህ «ሐይቅ ዳር» ይህን ፎንት ሲጨርሱ የላቲኑንም ክፍል በዚያው ብሩሽ እንዲሥሉት አጥብቄ እመክራለሁ። አማርኛው በእጅ የተሣለ፣ ከላይ ያለው መስመር ደግሞ ኮምፒውተር ላይ በተገኘው ኢምፓክት በሚባል ፎንት የተጻፈ ታፔላ ሁለት ሱቅ ይመስላል። ላቲኑን በትልቁ ፊደል ብቻ ቢሠሩት በቂ ነው፤ የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል መልክ ስለሌለው፣ ከትልቁ የላቲን ፊደል ጋር ቁመቱ በቀላሉ ይጣጣማል። ነገር ግን በአፋን ኦሮሞ ሁዳ የምትባለውን፣ ከላይ የምትሰቀለውን ትንሽ ጭረት አይርሱ፤ በሲዳሙ አፎም ታገለግላለች። ብዙ የጌጥ ፎንቶች ላይ ወይ የለችም፣ ወይ እንደ አቧራ ትንሽ ናት። እርስዎ ወፍራም አድርገው፣ የራሷ ቦታ ሰጥተው ይሣሏት።

አሁን ወደ ማሽኑ ልምጣ፤ ፎንት ስክሪን ላይ ማማሩና ስቲከር ሆኖ መውጣቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸውና። ፕሎተር የሚቆርጠው የመስመሩን ዙሪያ ነው። የብሩሽ ሸካራነት ስካን ተደርጎ በራስ ሰር ሲቀየር፣ በአንድ ፊደል ዙሪያ በመቶ የሚቆጠሩ ነጥቦች ይፈጠራሉ። ቢላዋው እያንዳንዷን ጥርስ ለመከተል ሲዞር ስቲከሩን ይበጣጥሰዋል፤ ትርፉን የሚያላቅቀው ልጅም ቀኑን ሙሉ በወረንጦ ሲለቅም ይውላል። ከ2 ሚሊሜትር በታች የሆነ ጥርስ ወይም ቀዳዳ ባጃጅ መስታወት ላይ ቢለጠፍም ከጥቂት እጥበት በኋላ ይነሳል። ስለዚህ የምመክረው ሁለት ፋይል ነው፤ አንዱ ሸካራነቱ በሙሉ ያለበት ለባነርና ለፖስተር፣ ሌላው ዳሩ የለሰለሰ፣ ነጥቡ የተቀነሰ ለፕሎተር። ቅርጹና ወርዱ አንድ ይሁን፤ ዲዛይኑን የሠራው ሰው የፎንቱን ስም ቀይሮ ብቻ ወደ ማሽኑ እንዲልከው።

ስለ ርቀትም አንድ ነገር ልጨምር። በታፔላ ሥራ የተለመደው ግምት ለእያንዳንዱ 3 ሜትር ርቀት 2.5 ሴንቲሜትር የፊደል ቁመት መስጠት ነው። ይህ ግምት የወጣው ለላቲን ነው፤ ቅጥያና ቀለበት ላለው ፊደል፣ በዚያ ላይ ለጠበበና ለወፈረ፣ ጨምሮ መስጠት እንጂ መቀነስ አያዋጣም። የጅቡቲ መንገድ በከተማችን ስለሚያልፍ ደንበኛ «ሹፌር ያንብበው» ይላል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ሹፌሩ ሦስት ሴኮንድ ቢያገኝ ከ40 ሜትር በላይ ሄዷል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቦታ ሁለት ቃል ይበቃል፤ ሦስተኛው ቃል የሚነበበው ለቆመ ሰው ነው።


የክፍል አራት መምህርት (ሐዋሳ)፦

ውይይቱን በጥሞና ተከታተልሁት። በሙያው ባለቤት ባልሆንም በየቀኑ ልጆች ፊደል ሲያነቡ ስለምሰማ የምለው አለኝ።

በመጀመሪያ ጠያቂው «ወርዱን ቀንሶ ቁመቱን መጠበቅ ለንባብ ይሻላል» ያሉትን ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። ዓይን የሚፈልገው ጥቁሩን ብቻ አይደለም፤ በጥቁሩ መካከል ያለውን ነጭም ይፈልጋል። «ቤት» እና «ቢት» የሚለያዩት በቀኝ እግር ሥር ባለው ነገር ነው፤ አንዱ ቀለበት፣ ሌላው ጭረት ነው። ቀለበቱ ከተደፈነ ልዩነቱ ጠፋ። «ቡና» ደግሞ ጭረቱ ከወገብ ወደ እግር ጥቂት ከወረደ «ቢና» ይሆናል። ጭረቱ ሲወፍር ወገብና እግር ይቀራረባሉ፤ ስለዚህ ካዕቡን ከወትሮው ከፍ ማድረግ ሳያስፈልግ አይቀርም። ቁመት ማትረፍ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ያተረፉት ቁመት ለቅጥያው ካልተከፈለ ትርፉ የይስሙላ ነው።

ሁለተኛ፣ ብዙ ታፔላ የሚነበበው በግምት ነው። «ምግብ» የሚለውን ያየ ሰው «ቤት»ን ሳያይ ይጨርሰዋል። በግምት የማይነበበው ስም ነው። የሰው ስም፣ የቀበሌ ስም፣ የሱቅ ስም አንባቢው ቀድሞ ስለማያውቀው እያንዳንዱን ፊደል መለየት ግዴታው ነው፤ ታፔላ ላይ ትልቁ ጽሑፍ ደግሞ ዘወትር ስም ነው። ስለዚህ ፎንቱን ስትፈትኑ «ታላቅ ቅናሽ» እና «ምግብ ቤት» እያላችሁ አትፈትኑ። ትርጉም የሌላቸው ቃላት ጻፉና ከመንገድ ማዶ ያለ ሰው ያንብብላችሁ፤ «ባቦበ»፣ «ሌሊሉ»፣ «ካኮከ»፣ «ሳሶሰ»። እነዚህን አንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሳይሳሳት ከጠራ ፎንቱ ሥራ ለመሥራት ብቁ ነው።

ሦስተኛ፣ ለምን እንደማይውልም ቢጻፍበት እወዳለሁ። የመድኃኒት መመሪያ፣ የክሊኒክ የአገልግሎት ዝርዝር፣ የስልክ ቁጥር፣ ለልጆች የሚሰቀል የፊደል ገበታ በዚህ ዓይነት ፊደል ሊጻፍ አይገባም። ገበታውን በተለይ አደራ። ልጅ «ላ» ከ«ለ» በምን እንደሚለይ የሚማረው ከዚያ ነው።


ሐይቅ ዳር፦

መምህርት፣ የፈተና ቃላቱን ወስጃለሁ፤ ዛሬውኑ ለጎረቤቴ ልጆች አሳያቸዋለሁ። የገበታውንም ነገር እስማማለሁ።


ሰረዝ (አዲስ አበባ)፦

ትንሽ ከመንገድ ወጣ ልበል። ጠባብና ወፍራም ፊደል የተስፋፋው ከማስታወቂያ ፖስተር ጋር ነው። በብረት የሚቀረጽ ትልቅ ፊደል ከባድና ውድ ነበር፤ ሲቀዘቅዝም ገጹ እኩል አይሆንም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1827 ዳርየስ ዌልስ የተባለ የኒው ዮርክ አታሚ ትልልቅ የእንጨት ፊደል በማሽን የሚፈለፍልበትን መንገድ ሲያገኝ፣ በአንድ ወረቀት ወርድ ላይ ረጅም ርእስ ማስገባት የሚፈልግ አታሚ ሁሉ ጠባቡን መግዛት ጀመረ። ኢምፓክት የዚህ ዘር የቅርብ ልጅ ነው፤ ጄፍሪ ሊ የሣለው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው።

የግእዝ ፊደል ደግሞ በሮም መዝሙረ ዳዊት የታተመበት እ.ኤ.አ. ከ1513 ጀምሮ በብረት ተቀርጿል፤ በአገራችንም ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ከ1914 ዓ.ም. ወዲህ አለ። ሆኖም የብረት ፊደላችን ሥራ በዋናነት የመጽሐፍና የጋዜጣ ነበር። ታፔላውንና የፊልም ቤት ፖስተሩን የያዘው ብሩሽ ነው። የደማቅ ፊደላችን ታሪክ በፊደል ሣጥን ውስጥ ሳይሆን በየሱቁ በር ላይ ነውና፣ «ሐይቅ ዳር» ምሳሌ ሲፈልጉ ካታሎግ ከሚያገላብጡ በየድሮ ሰፈሩ ዞረው ያረጁ ላሜራዎችን ፎቶ ቢያነሱ ይሻላል። ፀሐይ ሳይጨርሳቸው።


ኮድና ቀለም፦

ወደ ፋይሉ ሥራ ስንገባ ሁለት ሦስት ነገር መባል አለበት።

የፊደሎቹ አድራሻ የዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል በየትኛውም ኮምፒውተር የማይለወጥ ቁጥር የሚሰጠው ሥርዓት፣ ይሁን። ግእዝ በዩኒኮድ የተካተተው በ3.0 እትም እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ «ሀ» 1200 ላይ ይጀምራል፣ እያንዳንዱ ቤት ስምንት ቦታ ይይዛል፣ አራት ነጥቡ 1362 ላይ ነው። ዛሬም በየማተሚያ ቤቱ የግእዙን ቅርጽ በላቲን ቦታ ላይ ያስቀመጡ የድሮ ፎንቶች አሉ። እንዲህ ባለ ፎንት የተሠራ ፋይል ፎንቱ ወደሌለበት ኮምፒውተር ሲሄድ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝርግፍ ሆኖ ይከፈታል፤ ከዚያም ደንበኛው «ጽሑፉ ተበላሸ» እያለ ይደውላል። አዲስ ፎንት በዚህ መንገድ ማውጣት የሚያስወቅስ ነው።

ምን ያህል ፊደል ይሣል ለሚለው፣ 33ቱ ቤቶች በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ በዚህ ላይ «ቨ» ከነዘሮቹ፣ «ቋ»፣ «ኳ»፣ «ጓ» እና ዘመዶቻቸው፣ «ሟ»፣ «ሷ»፣ «ቷ»፣ «ጧ» የመሳሰሉት አሉ። ለታፔላ ፎንት «ሏ» አያስፈልግም የሚል ሰው ይኖራል፤ አንድ ቀን አንድ ደንበኛ «ሏ» ያለበት ስም ይዞ ይመጣል፣ ያ ፊደል ብቻ በሌላ ፎንት ይወጣል፣ ታፔላው በሙሉ ጥርሱ የወለቀ ይመስላል። ሙሉውን ይሣሉ። ቅጥያዎቹን ግን እየገለበጡ አይለጥፉ፤ የ«ሌ» ቀለበት «ጬ» ላይ አይገባም፣ እንደየቦታው ይጥበብ።

የእጅ ሥራ ፎንት ውሸቱ የሚታወቀው አንድ ፊደል ሁለት ጊዜ ሲመጣ ነው። «ለምለም» ብለው ይጻፉ፤ ሁለቱ «ለ» በአንድ ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ጭረት ካላቸው ዓይን ወዲያው ማኅተም መሆኑን ያውቃል። መፍትሔው ለተደጋጋሚዎቹ ፊደሎች ሁለተኛ ቅርጽ መሣልና በኦፕንታይፕ ሕግ፣ ማለትም ፎንቱ ውስጥ በሚጻፍ ትእዛዝ፣ ተራ በተራ እንዲለዋወጡ ማድረግ ነው። ለሁሉም አያስፈልግም፤ «መ»፣ «ም»፣ «ት»፣ «ን»፣ «ለ»፣ «ል»፣ «በ»፣ «ብ»፣ «ስ»፣ «ር»፣ «አ»፣ «የ» ቢኖራቸው አብዛኛው ቃል ይሸፈናል። ሁለተኛው ቅርጽ የሚለየው በጎኑና በትከሻው ብቻ ይሁን፤ እግሩ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ይሁን። ሁሉም ፕሮግራም ይህን ሕግ አይታዘዝም፤ ለማይታዘዘው ዲዛይነሩ በእጁ እንዲመርጥ ቅርጾቹ ተለይተው ይቀመጡ።

በነፃ ለማውጣት ከፈለጉ ኦፕን ፎንት ላይሰንስ አለ። ማንም ሰው ለንግድ ሥራም ጭምር እንዲጠቀምበት፣ እንዲያሻሽለውም ይፈቅዳል፤ ፎንቱን ብቻውን መሸጥ ግን ይከለክላል። የመረጡትን ስምም የተጠበቀ ማድረግ ይችላሉ፤ ያሻሻለው ሰው በሌላ ስም ያወጣዋል።


ስክሪን (ሐዋሳ)፦

ቲሸርት ላይ የምሠራ ሰው ነኝ። እኛ ቀለሙን የምናሳልፍበት የወንፊት ጨርቅ በአብዛኛው በሴንቲሜትር 43 ክር ያለው ነው፤ ቀለሙ ሲጫን በጥጡ ላይ ይሰፋል፣ ትንሽ ቀዳዳም ይዘጋል። ደረት ላይ ለሚወጣ ጽሑፍ የ«ሜ»ን እና የ«ሌ»ን ቀለበት ከፈለጋችሁት በላይ ክፈቱልን። በጥቁር ቲሸርት ላይ በነጭ ሲታተም ደግሞ ይብስበታል፤ ነጩ ወፍሮ ይታያል። ላይት ቦክስ የሚሠሩትም ማታ ማታ ይህንኑ ያያሉ፤ ብርሃኑ ወደ ክፍተቱ ይገባል።


ሐይቅ ዳር፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እስካሁን ከተባለው ተነሥቼ ሥራውን የምቀጥልበትን መንገድ ላስቀምጥ፤ የምትቃወሙት ካለ አሁን ብትነግሩኝ ይሻለኛል።

ወርዱን የምወስነው ከ«ጬ» ነው። ሦስቱ እግሮች፣ በመካከላቸው ያሉት ሁለት ነጮችና የቀኙ ቀለበት ከ10 ሜትር ላይ ከተለዩ የዚያ ፊደል ወርድ ጣሪያው ይሆናል፤ ሁለት እግር ያላቸው ፊደሎች ከዚያ ወደ ታች ይወርዳሉ። ይህን ሳደርግ «ቁመት የወርድ እጥፍ» ያልሁት ለ«በ» እና ለ«ሰ» ብቻ ይጸናል፤ «መ» እና «ጠ» ይሰፋሉ። አግዳሚ ጭረቶችን ከቋሚዎቹ በግልጽ አቀጥናለሁ። ሸካራነቱ በጎን፣ በትከሻና በጭረት ጫፍ ላይ ይቀራል፤ እግሮቹ በሙሉ ግን በአንድ መስመር ላይ ይቆማሉ፤ ራብዕና ሳብዕ ደግሞ ከአንድ ጭረት ውፍረት በማያንስ ልዩነት ያጥራሉ። ሰዎች «ይህ የእጅ ሥራ አይመስልም፣ በጣም ቀጥ ብሏል» ቢሉኝም የማልለውጠው ይህንን ነው። ታፔላ አስተካክሎ መነበቡ ከመደነሱ ይቀድማል።

አጠቃቀሙን በተመለከተ ከመምህርት ዝርዝር ጋር እስማማለሁ፤ አንድ ብቻ ልጨምር። ሐይቁ ዳር ያሉት የዓሣ ቤቶች የምግብ ዝርዝር በዚህ ዓይነት ፊደል እንዲጻፍላቸው ይጠይቃሉ። ርእሱ ላይ «ዓሣ ጥብስ» ብሎ በትልቁ መጻፍ ደስ ይላል፤ «ዓ» ክብነቱን ጠብቆ ከ«ሣ» አጠገብ ሲቆም ለዓይን የሚያምር ጥምረት ነው፤ እንዲያውም ከጻፍኋቸው ቃላት ሁሉ በጣም የወደድሁት ይህንን ነው። ከሥሩ ያለው ዝርዝርና ዋጋ ግን በተራ ፊደል ይውጣ። ደማቁ ፊደል የሚደምቀው አጠገቡ ያልደመቀ ነገር ሲኖር ነው፤ ሁሉም መስመር ከጮኸ ደንበኛው የዱለቱን ዋጋ ለማግኘት አስተናጋጁን ይጠራል።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ቁጥር ነው። የዋጋውን ቁጥር በዚያው ብሩሽ እሥላለሁ፤ የግእዙን ቁጥር ግን መሥራት አለብኝ ወይ? ከሠራሁስ ከላይና ከታች ያሉት ሰረዞች በወፍራም ፊደል እንዴት ይሆናሉ?


የድሮ ብሩሽ፦

ሥራው። የሠርግ ጥሪና የማኅበር ባነር የሚያሠሩ ሰዎች ዓመተ ምሕረቱን በግእዝ ቁጥር ይፈልጋሉ። ሰረዞቹ ከገላው ውፍረት ሲሶ ይሁኑ፤ ከዚያ ከወፈሩ «፩» እና «፬» መካከላቸው ይታፈናል። ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን ሲቆም ሰረዞቹ ይያያዙ ወይስ ይለያዩ ብለህ መጨነቅህ ስለማይቀር፣ ለየብቻ አድርጋቸው፤ ብሩሽ በእያንዳንዱ ላይ ይነሳ ነበርና። ሳድሶቹን ስትጨርስ ደግሞ እዚህ ለጥፋቸው። «ብ»፣ «ክ»፣ «ዝ» እና «ጥ» እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ስለሚሰበሩ፣ ጠበው ሲሣሉ ከሌላው ሁሉ በላይ የሚያስቸግሩት እነርሱ ናቸው።


ሐይቅ ዳር፦

እሺ ጋሼ። «ጥ» እና «ጭ» አልቀዋል፤ «ብ» ላይ የግራው ስብራት ገና ደፍኖብኛል፤ እርሱን ከፍቼ አራቱን አንድ ላይ እለጥፋለሁ።


የናዝሬት ልጅ፦

ሲለጥፉ የፕሎተሩንም ፋይል ይላኩ፤ በ5 ሴንቲሜትርና በ12 ሴንቲሜትር ቆርጬ ባጃጅ መስታወት ላይ አስለጥፌ ፎቶውን እዚህ አኖራለሁ።